በጋቢ የተሰመረው መንደርደሪያ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ስመለስ ጣና ከደመናው ሥር ብቅ አለ። ጎማው አስፋልቱን ሲነካ ሳላስበው የወንበሩን መደገፊያ ጨበጥሁ። ፈርቼ አይደለም። እዚያ መሬት ላይ ችካል የተከልሁት እኔ ነኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰሜኑ በጦርነት ይታመስ ነበር። ቅየሳ ተምሬ እንደወጣሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የአውሮፕላን ሜዳ ተመደብሁ። ስደርስ ያገኘሁት አጭር መንደርደሪያ፣ ጥቂት ድንኳኖችና አንድ የቆርቆሮ ቤት ብቻ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ግን ሜዳው በየሳምንቱ መልኩን ይለውጥ ጀመር። በአንድ በኩል የነዳጅ ማጠራቀሚያው ቆመ፤ ከእሱ ራቅ ብሎ መጋዘኑ፣ ከዚያ የወታደሮቹ መኖሪያ። በወረቀት ላይ ያሰመርሁት ከመሬት ሲበቅል ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። የዚያ መስከረም ሽታ ለእኔ የእርጥብ ሣርና የትኩስ ሬንጅ ሽታ ነው፤ ምሳችን ደግሞ የዳጉሳ እንጀራና የተጠበሰ ዓሣ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አዛዡ ሻለቃ ከሬዲዮ ክፍሉ እየሮጡ ወጡ። ቁስለኞች የጫነ አውሮፕላን አንድ ሞተሩ ጠፍቶበት ወደ እኛ እየመጣ ነበር። አስፋልት የለበሰው ክፍል ለእሱ ያጥራል፤ እያስረዘምነው የነበረው ቅጥያ ደግሞ ገና ሬንጅ ያልለበሰ ገረጋንቲ ነው።

«እሌኒ፣ ገረጋንቲው ይሸከመዋል?» አሉኝ።

«በቁመቱ ሲከፈል በመንደሩ በኩል ያለው ግማሽ ይሸከማል። በሐይቁ በኩል ያለው ግን ሥሩ ዋልካ ነው፤ ገና አልደረቀም፤ ጎማው ይሰምጣል። አብራሪው የሁለቱን ድንበር ከላይ ማየት አለበት።»

ሻለቃው ከነጭ መስመር በመንደሩ በኩል እንዲያርፍ በሬዲዮ ሊነግሩት ተመለሱ፤ መስመሩን የምናሰምርበት ኖራ ለማስመጣት ግን ጊዜ አልነበረም። ከገበያ ሲመለሱ ዘበኛው ያገዳቸው ሰዎች ዳር ላይ ቆመዋል። ከመካከላቸው የአጥቢያው የቅኔ መምህር መሪጌታ ልሳነወርቅ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ የቸገራችሁ ነጭ ነገር ነው?»

«አዎ አባቴ፣ ብዙ ነጭ ነገር።»

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ምን ትጠብቃላችሁ? የሰው ነፍስ ናት እኮ።»

ጋቢውም ነጠላውም ተዘረገፈ። እኔ ከፊት እየሮጥሁ ድንበሩን አሳያለሁ፤ ሴቶቹ ከኋላዬ ያነጥፋሉ፤ ሠራተኞቹ ነፋስ እንዳይወስደው ዳር ዳሩን ድንጋይ ይጭኑበታል። የሞተሩ ድምፅ ከሐይቁ በላይ ሲሰማ ገና አልጨረስንም ነበር። የመጨረሻውን ነጠላ ጥለን ወጣን።

አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መጣ፤ አንደኛው ፕሮፔለር ቀጥ ብሏል። አስፋልቱን ጨርሶ ገረጋንቲው ውስጥ ገባና ቀዩ አቧራ ዋጠው። አቧራው ሲገለጥ ከነጩ መስመር ወዲህ፣ በደረቁ በኩል ቆሟል። እልልታው ቀለጠ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እየሳቅሁ አለቀስሁ።

ቃሬዛዎቹ መውረድ ሲጀምሩ እልልታው ጸጥ አለ። አንዱ ቁስለኛ የእኔ እኩያ ነው፤ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ከመሬት አንሥተው፣ አራግፈው አለበሱት።

«ደም አለብኝ አባቴ፣ ይበላሽብዎታል» አለ።

«ዝም በል ልጄ። ጋቢ ይታጠባል።»

በኋላ ዋልካውን ቆፍረን አውጥተን በድንጋይ ሞላነው፤ አስፋልቱም እስከ ጫፍ ደረሰ። ዛሬ ሙሽራውም ነጋዴውም ያርፍበታል። ጦርነቱን አልናፍቀውም፤ ከዚያ ሜዳ ተነሥተው ሳይመለሱ የቀሩትን አውቃለሁ። ከወጣትነትሽ የትኛው ቀን ይመለስልሽ ብባል ግን ያችን ቅዳሜ እመርጣለሁ። ያን ዕለት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ ወታደሩም ገበሬውም፣ አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር፦ እነዚያ ልጆች በሰላም መሬት እንዲረግጡ።