እትዬ አፍንጫ

ያሳደገችኝን አክስቴን ገበያው ሁሉ የሚጠራት «እትዬ አፍንጫ» እያለ ነው። ቅር አይላትም፤ እንዲያውም ትኮራበታለች። የጎረቤት ሴቶች ሥጋ ሊገዙ ሲወጡ «እባክሽ አንዴ አሽትቺልን» እያሉ ይለማመጧታል። እሷ «ይሄ ያደረ ነው» ካለች ሻጩ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው የለም።

እኔ ድሮ እስቅባት ነበር። አብሮን የሚኖረው አጎቴ ሆዱን ተቀዶ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ግን ሳቄ ጠፋ። ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቁሞ «ትኩስ ነገር ብቻ! ትንሽ የተበላሸ ከቀመሰ አንጀቱ አይችለውም፤ ሁለተኛ ላተርፈው አልችልም» ነው ያለን። አክስቴ ደረቷን ነፍታ «እኔ እያለሁ?» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢሉን ይዤ ተከተልኳት። ዓሣ ሻጩ የሃያ ዓመት ደንበኛዋ ነው፤ በመሃላቸው የማትቀር ጨዋታ አለች። ሆን ብሎ መጀመሪያ የሚሰጣት ያደረውን ነው። እሷ የዓሣውን መተንፈሻ፣ ስንጥቡን፣ ገልጣ ታሸትና «ወስደህ ለድመትህ ስጣት፣ አንተ ቀጣፊ!» ብላ ትወረውርለታለች። እሱ ይስቃል፣ አጠገቡ ያሉት ሁሉ ይስቃሉ፤ ከዚያ የዕለቱን ከበረዶው ሥር ያወጣላታል።

ያን ቀንም ያደረውን ሰጣት። ከኋላዋ ቆሜ እንኳ ሽታው ደርሶኝ አፍንጫዬን በመዳፌ ያዝኩ። አክስቴ ስንጥቡን ገለጠች፣ ፊቷን አስጠጋች፣ ብዙ ቆየች።

«ጥሩ ነው፤ ጠቅልልልኝ» አለች።

የሰውየው እጅ ቢላዋው ላይ ቀረ። ስቃ «ያዝኩህ!» እስክትለው ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። እሷ ግን ቦርሳዋን እየከፈተች ነበር። ሰውየው አንዴ አየኝና ያደረውን መልሶ አዲሱን ጠቀለለላት።

አትክልት ሻጮቹ ጋ ስንደርስ ክንዷን ያዝኳት።

«እትዬ፣ አይሸትሽም እንዴ?»

«ምን ትቀባጥሪያለሽ አንቺ!»

«ዓሣው እኮ ገምቶ ነበር። ሰውየው ነው የቀየረልሽ።»

አንድ ቲማቲም አንስታ እያገላበጠች «ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ወር ሞላኝ። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ስል… በዓይኔ አያለሁ፣ በጣቴ ጫን እያደረግሁ እሞክራለሁ። የእሱን የመጀመሪያውን ሁሌ እመልስለት ነበር፤ የዛሬው ግን ዓይኑ ሲያበራ ትኩሱን የሰጠኝ መሰለኝ። ለማን ልናገር? ያለ አፍንጫዬ እኔ ምኔ ይቀራል?»

አንጀቴን በላችው። ተናድጄም ነበር፣ ምን እዋሻለሁ! በታመመ ሰው ሆድ ላይ ኩራት አለ እንዴ? ልቆጣት ስል ፊቷ አመድ መሰለ።

«ትናንት ይሄ ዓሣ ሻጭ ሱቁን አልከፈተም ነበር» አለች። «ዓሣውን ከማላውቀው ሰው ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት አንቺ ሳትነሺ ሾርባ ሠርቼበት፣ ከድኜ ምድጃው ላይ ትቼው ወጣሁ።»

ዘንቢሉን እዚያው ጥለን ሮጥን። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ደረጃው አጋማሽ ላይ ሽታው ተቀበለኝ። እሷን አልተቀበላትም፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች ዓይን ዓይኔን እያየች «ምነው? ሸተተሽ? ንገሪኝ እንጂ!» ትለኛለች። እጇን ይዤ ወደ ላይ ጎተትኳት።

አጎቴ ወጥ ቤት ቁጭ ብሏል። ሳህኑ ባዶ ነው።

«መጣችሁ? ርቦኝ ሳልጠብቃችሁ ቀረሁ» አለ፣ የተሰፋ ሆዱን እየዳበሰ። «መጀመሪያ ትንሽ ሸቶኝ ነበር። ኋላ ግን የገዛሽው አንቺ መሆንሽ ትዝ ሲለኝ፣ የታመመው የኔ አፍንጫ ነው ብዬ ጥርግ አድርጌ በላሁት።»