የተላጠ ሽምብራ

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ባለው መንገድ መጸዳጃ ያለበትን ቦታ ሁሉ አውቃለሁ። የትኛው በቁልፍ እንደሚከፈት፣ የትኛው ውሃ እንደሌለው፣ የትኛዋ ባለቤት ሻይ ካላዘዙ እንደምትቆጣ ማስታወሻዬ ላይ ሰፍሯል። ባልደረቦቼ ቢያገኙት ስለ ከተማ ጽዳት ዘገባ የምሠራ ይመስላቸው ነበር።

አንጀቴ ከቆሰለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በመድኃኒት ጋብ እንደሚል፣ ጨርሶ ግን እንደማይለቅ ሐኪሙ ነግሮኛል። እውነትም ጋብ ይላል። ፍርሃቱ ነው ጋብ የማይለው። ደህና በሆንኩባቸው ወራት እንኳ ሠርግ ቀርቻለሁ፤ አርዲቦ ሐይቅ አካባቢ የነበረኝን ሥራ ለሌላ ሰው አሳልፌ ሰጥቻለሁ። አንድ ቀን ሐኪሙ ካርዴን ዘግቶ፣

«አሁን ከሰው የሚያስቀርህ ቁስሉ አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው። ለቤተሰብህ ነግረሃል?» አለኝ።

አልነገርኩም ነበር። ሰው የደበቀውን እየጠየቅሁ የምኖር ጋዜጠኛ የራሴን መናገር አልቻልኩም።

እናቴ አምባሰል፣ ያደግሁበት መንደር ውስጥ አረፈች። መርዶውን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሰዉ ሐዘኑ ነው አለ። እኔ ግን የምፈራው የግቢያችንን መጸዳጃ ነበር። በሩ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ያለውም ከለቀስተኛው ድንኳን ፊት ለፊት ነው። ማን እንደገባ፣ ምን ያህል እንደቆየ ሁሉም ያያል።

በሠልስቱ ንፍሮ ዞረ። ለእኔ ዓይነቱ አንጀት የንፍሮ ልጣጭ እሾህ ነው። የእናቴ የዕድሜ ልክ ባልንጀራ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ሰሐን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«እንካ የኔ ዓለም፣ ቅመስ።»

«ይቅርብኝ እትዬ።»

«ትንሽ፤ ለእናትህ ብለህ።»

«አልችልም አልኩ እኮ!»

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ «ደሴ ሲገባ የእስላም እጅ ተጸየፈ እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። በመንደራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ሰፌድ የሚዘግነው ንፍሮን ነው፤ ሥጋ የለበትምና የሚለያየን ነገር የለም። እሱን መመለስ ሰውን መመለስ ነው። እትዬ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ሰሐኑን እንደያዙ ወጡ። «አንጀቴን ያመኛል» ማለት ሁለት ቃል ነበር። አልወጣኝም።

የእናቴ ሙት ዓመት ሲጠጋ እህቴ ደወለች። «እትዬ ሐይቅ፣ ልጃቸው ጋ ገብተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢያችንን ሳይረግጡ ሄዱ። ምን እንዳደረግካቸው አንተ ታውቃለህ።»

በማግስቱ ሄድኩ። ልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። የሕመሙን ዓይነት፣ ዓመቱን፣ ፍርሃቱን፣ እንደ ዘገባ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«እናትህ ናታ! በመጣህ ቁጥር ስንቴ ወደ መጸዳጃ እንደምትመላለስ ትቆጥር ነበር። ‹ልጄ ይደብቀኛል፤ እኔም እንዳላወቀ ሰው እሆንለታለሁ፤ እኔ ባልኖር ሆዱን አደራ› ትለኝ ነበር። ያ ሰሐን እኮ የድንኳኑ ንፍሮ አልነበረም። ሽምብራውን አንድ በአንድ ልጬ፣ እስኪፈርስ ቀቅዬ፣ ለአንተ ለብቻህ ነበር ያመጣሁት። ወላሂ ጥፍሬ ቆስሏል! ሽማግሌው ያለው አልጎዳኝም። አደራዋን ይዤ መጥቼ፣ ዓይንህን እንኳ ሳትጥልበት መለስከኝ።»

ያላየሁትን አልጽፍም እያልኩ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ያን ቀን ሰሐኑን አላየሁም። እናቴም እኔ እስክነግራት ስትጠብቅ ሞተች።

አማቻቸው ሁለት እንግዶች ይዞ ገባ። ሆዴ መላወስ ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀጠሮ አለኝ ብዬ እነሳ ነበር።

«እትዬ፣ መጸዳጃው በየት በኩል ነው?» አልኩ፣ እንግዶቹ እየሰሙ።

«በጓሮ ዙር። አብሽር፣ እዚህ የሚቆጥርህ የለም።»

በጓሮ ዞርኩ። የምትቆጥረኝ እናቴ እንደሌለች ያኔ ገባኝ፤ ሆዴ ከተረጋጋ በኋላም ብዙ ቆየሁ።