የዝዋይዋ ድሬሰርና የገርባ ጀርባ

አሰለፈች የዝዋይ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበረች። ናዝሬት ተወልዳ ያደገች፣ እጇ ቀላል፣ ምላሷ ግን ከመርፌዋ የባሰ የሚዋጋ ሴት። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ ሲስተር አይደለሁም ብላ አርማ አታውቅም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለራሷ የነበራት ግምት ከማዕረጉም በላይ ነበር።

በ1974 በጋ የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር መኖሪያ እከክ ገባበት። ሰዎቹ ተራ በተራ እየመጡ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥበው ከአንገት በታች መድኃኒት ይቀባሉ። መጨረሻ ላይ የመጣው ገርባ ነው፤ ከአርሲ ደጋ ወርዶ ማኅበሩ ከገባ ገና ሁለት ወሩ። ጫልቱ የምትባል የመቂ ልጅ አጭቶ የሠርጉን ቀን ይጠብቃል።

«ሲስተር፣ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። ፀሐዩ ነው መሰለኝ» አላት። ሸሚዙን አውልቆ ጀልባ ላይ መረብ ሲጎትት ነው የሚውለው።

ዞር አድርጋ አየችው። ትከሻው መላላጥ ጀምሯል። ሳቀችበት።

«ፀሐይ የሚልጠው ላንጋኖ ዳር ተሰጥተው የሚውሉትን ፈረንጆች ነው! አንተን ምን ያደርግሃል? ይልቅ ቀጥ ብለህ ቁም!»

እከኩ በርትቶበት ነበርና ቀብታ ስታበቃ ደግማ ደረበችለት።

ሰዓት ሳይሞላ ገርባ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ተንዘፈዘፈ፤ አረፋ ደፈቀ። አብረውት የመጡት በየአቅጣጫው ሸሹ። ጭንቅላቱን ይዛ የቆየችው አሰለፈች ብቻ ነበረች።

ሲረጋጋና እንቅልፍ ሲወስደው ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ መመሪያውን ወረቀት አውጥታ አነበበች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታየው ስትጥለው የኖረችውን ወረቀት። በተላጠና ፀሐይ ባቃጠለው ቆዳ ላይ አይቀባ ይላል። ጤነኛ ቆዳ አብዛኛውን መድኃኒት ውጭ ያስቀረዋል፤ የተቃጠለው ግን በሩ ክፍት እንደተተወ ቤት ነው፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይገባል፤ አንጎል ሲደርስ ያንዘፈዝፋል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኢተፋ በሩ ላይ ቆሞ «ሲስተር፣ የሚጥል በሽታ ነው አይደል?» ሲል ጠየቃት።

ባለፈው ወር አንድ የእርሻ ሠራተኛ የተባይ መድኃኒት መጠኑ በዝቶበት ሰብል ቢያቃጥል «አሻጥረኛ» ተብሎ ተወስዶ አልተመለሰም። አሰለፈች ያንን አሰበች።

«ሳይሆን አይቀርም» አለች።

በቃ። የተናገረችው ይኸው ነው። ገርባ ውኃ ላይ ሊወድቅ ይችላል ተብሎ ከጀልባ ወረደ፤ ዳር ተቀምጦ የተቀደደ መረብ ይጠግን ጀመር። የጫልቱ ቤተሰቦች እጮኝነቱን አፈረሱ። ጓደኞቹ በሱ ኩባያ መጠጣት ተዉ። እሱ ግን በየቅዳሜው ቆሮሶ ዓሣ ይዞ ክሊኒኩ ይመጣል።

«ሁሉም ሲሸሸኝ እርስዎ ብቻ ያዙኝ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ» ይላታል።

ዓሣውን አንድም ቀን አልቀመሰችውም፤ ለጎረቤት ነበር የምትሰጠው። ነገ እነግረዋለሁ ትላለች። ነገ ይመጣል፤ ፈሪነቷም አብሮ ይመጣል። እንዲህ እያለች ዓመት ሞላት።

አንድ ቅዳሜ ገርባ ዓሣውን አስቀምጦ «ጫልቱን ዳሯት» አላት።

ያኔ ከአፏ አመለጣት። ስለ ጀርባው፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ስታለቅስ ገርባ ከመቀመጫው ተነሳ።

«እና በሽታው የለብኝም?»

«የለብህም። ኖሮብህም አያውቅ።»

ሳቀ። ፊቱን በሁለት እጁ ዳበሰ፤ እንደገና ሳቀ። ከዚያ ፈገግታው ሳይጠፋ «ሲስተር፣ መቼ አወቁት?» ብሎ ጠየቃት።

«ትናንት» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«የዚያኑ ቀን» አለችው።

ገርባ ተመልሶ ተቀመጠ። አልጮኸም፣ አልሰደባትም።

«የዳሯት እኮ ባለፈው እሑድ ነው» አላት።