በጓደኛዬ ሕመም ደስ ያለኝ ቀን

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ቤቴ መሄድ ስላቃተኝ ነው ዛሬ ማይክ የለመንኩት። የምመሰክረው ስለ ፈውስ ነው። ከምን እንደተፈወስኩ ስትሰሙ ግን ፊታችሁን እንዳታዞሩብኝ፣ እሺ?

ሰናይትን ታውቋታላችሁ፤ እዚሁ መዘምራን ውስጥ ታገለግል የነበረችው። እዚሁ ኬንያ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን ስምንት ዓመት አብረን ኖርን። ሁለታችንም ስደተኞች፣ ሁለታችንም የካናዳ ፕሮሰስ ላይ። “ማን ቀድሞ ይጠራ ይሆን?” እያልን እንሳሳቅ ነበር። እሷ ተጠራች። እልል ብዬ አቀፍኳት። እልልታዬ የእውነት መስሎኝ ነበር፣ ወገኖቼ!

ከዚያ በኋላ ግን ሻንጣዋን አልጋ ሥር ባየሁት ቁጥር ውስጤ እርር ይላል። ይሄ ምንድነው? እኔ ደግሞ አንድን ነገር ካልመረመርኩ አልተውም። “መንፈሳዊ ቅናት ነው” አልኩ። እኛ ጴንጤዎች መቼም መንፈሳዊ ስም አናጣም! ጸሎቴ ግን አጋለጠኝ። ለራሴ ስጸልይ “ጌታ ሆይ፣ በሩን ክፈትልኝ!” እላለሁ። ለእሷ ስጸልይ “ፈቃድህ ካልሆነ ዝጋው” እላለሁ። ያውም በእንባ!

ለጉዞው የሜዲካል ምርመራ አብሬያት ሄድኩ። ኬንያዊው ዶክተር ኤክስሬዩን ደጋግሞ አየና “ፖሌ” አላት፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። “ሳንባሽ ላይ ቲቢ አለ። ሕክምናውን ሳትጨርሺ መብረር አትችይም።” ሰናይት ማልቀስ ጀመረች። እኔስ? ደስ አለኝ። ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ! ጌታ ሆይ፣ ማረኝ።

ስንመለስ ማታቱ ታክሲው ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ እኔ ያንን ደስታ እያገላበጥኩ አየዋለሁ። ከየት መጣ? ሩንዳ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ የማጸዳበት ቤት አትክልቱ ያስጎመጀኛል፤ የሴትዮዋ አበባ ይድረቅባት ብዬ ግን አላውቅም። ያ ምኞት ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከሌላ ሴት ጋር ሲስቅ ሳይ እንገበገብ ነበር፤ የራሴን እንዳላጣ ፈርቼ። ያ ቅናት ነው። ይሄኛው ግን ለራሱ ምንም አይፈልግም! እሷ ብትቀር እኔ በእሷ ፈንታ አልሄድም። ብቻ እሷ እንዳታገኝ ነው የፈለገው። ለካ ምቀኝነት ይሄ ነው። ሰው ላይ ሳየው የምጸየፈው ነገር እኔው ጋ ተቀምጧል።

ቤት ገብተን ተንበርክኬ ይቅርታ ለመንኩ። ጌታ ግን “ለእሷም ንገሪያት” አለኝ። ጌታዬ፣ ይሄንንስ ተወኝ! አልተወኝም።

“ሰናዬ፣ ዶክተሩ ሲናገር ደስ ብሎኝ ነበር” አልኳት።

የጀመረችውን ሳህን አጥባ ጨረሰች።

“አሁንስ?” አለችኝ።

“አሁንማ አፈርኩ።”

“እፍረትሽ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ነገ ጠዋት መድኃኒት ልወስድ ስሄድ አብረሽኝ ነይ።”

ስድስት ወር አብሬያት ተመላለስኩ። መድኃኒቱ ሲያስመልሳት ጀርባዋን ያዝኩላት፤ ስትነጫነጭብኝም ቻልኳት። በየትኛው ቀን እንደሆነ አላውቅም፣ “ዝጋው” የሚለው ጸሎት ከአፌ ጠፋ። ሃሌ ሉያ! ዶክተሩ “ድነሻል” ሲላት ከእሷ ቀድሜ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ነርሷ በሽተኛዋ እኔ መስዬአት “እንኳን ደስ ያለሽ” ብላ እኔን ጨበጠችኝ። እኔም አላረምኳትም።

ባለፈው ሳምንት ኤርፖርት ሸኘኋት። የእኔ ኬዝ ዛሬም አልተንቀሳቀሰም። ስትገባ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ልቤን ፈተሽኩት። ናፍቆት አለ። “እኔስ መቼ ነው?” የሚል ምኞትም አለ። “በቀረች” የሚል ግን ፈልጌ አጣሁ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ወገኖቼ፣ የሰው መከራ ሲነገራችሁ ልባችሁ ድንገት ቀለል ካለው፣ ሌላ ስም ሳታወጡለት እንዳለ ወደ ኢየሱስ ውሰዱት። እኔን አልተጸየፈኝም፤ እናንተንም አይጸየፍም።