ደም የሚመርጠው ሰው

ወልድያ ሕገ መንግሥትና የሕግ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ያከብሩኛል። ሀብሩ ያሉት ዘመዶቼ ግን አምና ግራ አጋቡኝ።

የአክስቴ ልጅ በወሰን ጠብ ጎረቤቱን ገድሎ እስር ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ዘመዶቼ እኔን በሰው ፊት ያዋርዱኝ ጀመር። መርሳ ገበያ መሀል ያቺው አክስቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እሱ ደግሞ ሰው ነው እንዴ? ደብተር ተሸክሞ የቀረ» አለች። አሳድገው ያስተማሩኝ አጎቴ ሰደቃ ላይ ከበሩ ሥር አስቀምጠው፣ «ይሄ ልፋቴን ገደል የከተተ» ብለው ለእንግዳ አስተዋወቁኝ። ገዳዩ ሌላ፣ ተሰዳቢው ሌላ፤ ምን በደልኳቸው?

በተሰደብኩበት ሁሉ ደግሞ የሟቹ ወንድም ነበር። ሐራ ብሄድ አለ፣ ሲሪንቃ ብወርድ አለ። ቁጣ የለበትም፤ በግ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ረጋ ብሎ ያየኛል።

አንድ ቀን ከመርሳ ወደ ወልድያ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። «አሰላሙ ዐለይኩም መምህር» አለኝ ለስለስ ብሎ። የልጆቼን ጤና ጠየቀ። ቀጥሎ፣ «ከቤታችሁ ካንቱ የሚበልጥ ሰው አለ? ዘመድዎ ሁሉ ያንቋሽሽዎታል» አለኝ።

ስድቡ ውስጤ ተጠራቅሞ ኖሮ፣ «የለም፤ የቤቱ ራስ እኔ ነኝ» አልኩት። ኮራሁ እንጂ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ሲሪንቃ ላይ ወረደ።

ወልድያ ሳንደርስ ነገሩ ገባኝ። ለካ በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው፦ በድሮው የደም ልማድ ገዳዩ ታስሮም ሆነ ሸሽቶ ከእጅ ከወጣ፣ የሟች ወገን ከገዳዩ ዘር ምርጡን ሰው ይመርጣል። ዘመዶቼ ሲሰድቡኝ የከረሙት ከሟቹ ወንድም ዓይን ሊያወጡኝ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ ነገርኩ፤ «ታዲያ ሰላም ማለት ወንጀል ነው?» አሉኝ።

አጎቴ ዘንድ ሮጥኩ። ሲሰሙ አልተቆጡም፤ «ስንቱን ስድብ ከንቱ አደረግኸው» አሉ ብቻ። ሽማግሌ እንላክ ብል የሟች ወገን እርቁን እንደገፋው ነገሩኝ። «ሕጉ ጥፋት የአጥፊው ብቻ ነው ይላል» ብዬ ተንተባተብኩ።

«ስለ ሰው ነፍስስ ምን ብለህ ነው የምታስተምር?»

«ሰው ሁሉ ሲፈጠር እኩል ነው፤ የማንም ነፍስ ከማንም አትበልጥም እላለሁ፣ ጋሼ።»

«ካልበለጠችማ የኔም ትበቃዋለች።»



አጎቴ በገበያው ቀን አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው መርሳ ወረዱ። ከሟቹ ወንድም ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ያን መምህር ሰው ያደረጉት እሳቸው እንደሆኑ፣ ያለ እሳቸው ቤታችን ባዶ እንደሆነ ሲያወሩ ዋሉ። እጃቸውን ይዤ ልመልሳቸው ሞከርኩ። «ዞር በል፣ አንተ ሰነፍ» አሉኝ።

በሳምንቱ የሟቹን ወንድም ወልድያ መንገድ ላይ አገኘሁት። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ሊገዛ እንደማይፈልገው በግ ትቶኝ፣ ሰላም ሳይለኝ አለፈኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው።