የአያ ሞላ ሦስተኛው ቤት

ከዓመታት በኋላ ጎንደር ስመለስ መጀመሪያ ያማረኝ የአያ ሞላ ቀይ ወጥ ነበር። አያ ሞላ በከተማው ሦስት ምግብ ቤቶች ነበሯቸው፤ የሦስቱም ወጥ አንድ ዓይነት ይጣፍጣል። እንዴት እንደሚያደርጉት ገብቶኝ አያውቅም።

የፒያሳው ሞባይል መሸጫ ሆኗል። የአራዳው ፈርሶ ፎቅ እየተሠራበት ነው። የቀረኝ የአዘዞው ነበርና በባጃጅ ገሰገስኩ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ግቢው ሸራ ተወጥሮበት በበላተኛ ሞልቷል። «ተመስገን፣ አንዱ እንኳ ተርፏል!» ብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ገና ሳላዝዝ ቀይ ወጥ ቀረበልኝ። ስቀምሰው ያው የድሮው ነው! ጭማሪ አማረኝና እንደ ልማዴ ሁለቴ አጨበጨብኩ።

ግቢው ጸጥ አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ወደ እኔ መጣች። ጥቁሩ የአስተናጋጆች የደንብ ልብስ መስሎኝ፣ «አያ ሞላ የሉም እንዴ? እስኪ ጥሪልኝ፣ ሰላም ልበላቸው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝና ፈገግ አለች።

«የአባባ ደንበኛ ነዎት ማለት ነው። ጭብጨባ ሲሰማ ደስታውን አይችለውም ነበር። ይብሉ፣ እጨምርልዎታለሁ። ምግብ ቤቱማ ከተዘጋ ቆየ፤ ዛሬ የአባባ አርባ ነው።»