የበረባሶ ወረፋ

ሌላው ሰው ሐኪም ቤት ትዝ ሲለው የአልኮልና የመርፌ ሽታ ነው የሚመጣበት፤ እኔ ግን ፀሐይ የበላው የመኪና ጎማ ሲሸተኝ ነው ሐኪም ፊት የቆምኩ የሚመስለኝ። ጎሚስታ ቤት አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አፌን ከፍቼ፣ ምላሴን አውጥቼ «አአአ» ልበል ልበል ይለኛል። ባለፈው አምልጦኝ አልኩት መሰለኝ፣ ጎሚስታው ልጅ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «እትዬ፣ እንሙላ ወይስ እናስተንፍስ?» አለኝ። ቅርጼን አይቶ ስለሆነ አልተቀየምኩትም።

የጎማው ነገር ከአባቴ የመጣ ነው። አባቴ ሰይድ ሸዋ ሮቢት ከመኪናው መንገድ ዳር በረባሶ ይሠራ ነበር፤ ወደ ደሴ የሚያልፉ የጭነት መኪናዎች የጣሉትን ጎማ እየሰበሰበ፣ በቢላዋ እየቀደደ፣ ማሰሪያውን በምስማር እየመታ፣ ገበሬውንም ነጋዴውንም ያጫማ ነበር። ችግሩ አባቴ የሚያውቀው አንድ ልክና አንድ ቅድ ብቻ መሆኑ ነው። እግሩ የተለቀ ሰው ተረከዙን ውጭ ያሳድራል፣ ያነሰበት ደግሞ እየጎተተ ይሄዳል፤ ቅሬታ ያለው ሲመጣ «ጫማው ልክ ነው፣ እግርህ ነው የተሳሳተው» ብሎ ይመልሰው ነበር። እንዲህ ሆኖ ከተማው በሙሉ አንድ ዓይነት ጫማ ተጫምቶ ይኖር ነበር።

ዶክተር በለጠ ለጤና ጣቢያችን ሐኪም ሆነው የመጡት የበልጉ ዝናብ ጥሎ ባባራ ሰሞን ነው። ከቁመታቸው የተነሳ ቁጭ ብለውም የቆሙ ይመስሉ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ለአለቆቻቸው የማይባል ነገር ተናግረው፣ ለቅጣት ወደኛ ሙቀት እንደተላኩ ይወራ ነበር፤ አባቴ ይሄን ሲሰማ «ታዲያ እኛ ምን ተናግረን ነው እዚህ የተወለድነው?» አለ። መጀመሪያ ቤታችን ሲመጡ ለመተዋወቅ መስሏት እናቴ ወንበር ስትጠርግ፣ እሳቸው ቀጥ ብለው ጓሮ ገብተው፣ ከተቆለለው ጎማ ውስጥ ዝናብ ያቆረውን ውኃ በብርጭቆ ቀድተው መጡና ለአባቴ ዓይኑ ሥር አስጠጉለት። ውኃው ውስጥ ትንንሽ ነገሮች ይገለባበጡ ነበር።

«ጋሼ ሰይድ፣ እነዚህን ሁሉ ልጆች ማን ነው የሚያሳድጋቸው?»

«የማን ናቸው?»

«የቢምቢ ናቸዋ። እርስዎ ቤት ተወልደው፣ እርስዎ ቤት አድገው፣ ማታ መልሰው እርስዎን ነው የሚበሉት።»

አባቴ ብርጭቆውን ትክ ብሎ አየና «ወላሂ ከኔ ልጆች ይሻላሉ፤ እነሱ የሚበሉት ማታ ብቻ ነው» አለ። ይሄን ሲል ወደ እኔ ነበር የሚያየው። በማግስቱ ግን ውኃ እንዳይዝ ጎማውን ሁሉ እየተራገመ ሸነቆረው።

ከዚያ በኋላ ዶክተሩ አርብ መስጊድ በር፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር እየጠበቁ፣ ሰላት ያደረሰውንም ያስቀደሰውንም አካፋ አስይዘው፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ያቆረውን ውኃ ሊያስደፍኑ ይወስዱት ነበር። አፈሩ እየተዛቀ እሳቸው ይናገራሉ። «ሕክምና ማንም ደስ ሲለው የሚሰጣችሁ፣ ሲከፋው የሚነሳችሁ ነገር አይደለም፤ የሁላችሁም እኩል መብት ነው» ይላሉ። አክስቴ ዘሃራ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ከተማው ውስጥ ምላሷን የማይፈራ አልነበረም፤ አንድ ቀን አካፋዋን ተደግፋ «ዶክተር፣ ይሄ መብት የሚሉት ከምግብ በፊት ነው የሚዋጠው ወይስ በኋላ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «በባዶ ሆድም ይዋጣል፤ ግን ይመራል» አሏት።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ወባው ይነሳ ነበር። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት የጠናበት ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግሮ ነበር ሐኪም የሚያየው፤ በስስ ነጠላ ከቆላ የወጣውን ወባው ቢምረው ብርዱ አይምረውም። አጎቴ እንዲህ ሆኖ ሄዶ አልተመለሰም። አሁን ግን ሐኪሙ በራችን ላይ ስለሆነ ያገሩ ሰው ሁሉ ጤና ጣቢያው ግቢ ይፈስ ነበር።

በኛ ፀሐይ ደግሞ ቆሞ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር አይታሰብም። ሰው እንደደረሰ አንድ እግር በረባሶውን ያወልቅና፣ ከበሩ ጀምሮ ከተደረደረው ጫማ ኋላ አስቀምጦ፣ እሱ ሄዶ ኒም ዛፍ ሥር ይጋደማል። ወረፋውን የሚጠብቀው ጫማው ነው። ያ ሁሉ በረባሶ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ሲግል የሚወጣው ሽታ ነው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ የቀረው። ጫማው ሁሉ አንድ ስለሆነ «የኔ ነው፣ ያንተ ነው» የሚል ጭቅጭቅ ሲበዛ፣ አባቴ ተጠርቶ ሄዶ በየጫማው ላይ ምልክት ቀደደ፤ ለአንዱ ዶሮ፣ ለአንዱ ማጭድ፣ ለአክስቴ አፍ። ዶሮውም ማጭዱም አፉም አንድ ይመስሉ ነበር።

የዶክተሩ ሕግ አጭር ነበር፤ ጫማው ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይታያል፣ ትኩሳት ይዞት የሚንቀጠቀጥ ብቻ ሁሉን አልፎ ይገባል። ይሄ ሕግ በወጣ በሳምንቱ አገሩ በሙሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጣቱን እሾህ የወጋው ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሱን ያመመው ይንቀጠቀጣል፤ አክስቴማ ጥርሷን እያንቀጫቀጨች ስትገባ ለእውነተኛ በሽተኞች ትምህርት ትሆን ነበር። እኔም ሞክሬው ሳቄ አምልጦኛል። ዶክተሩ ታዲያ በር ላይ ቆመው ግንባር በመዳፋቸው ይዳስሱና፣ ከቀዘቀዘ «ጫማሽ ጋ» ብለው ይመልሱ ነበር።

በጥቅምት ታናሽ ወንድሜ አብዱ ታሞ፣ እናቴና አክስቴ እኔንም አስከትለው ይዘውት ሄደው ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ዘበኛ እጁ የታሰረ ልጅ እግር እስረኛ ይዞ መጣ። እስረኛው ባዶ እግሩን ነበር። ዘበኛው «ይሄ ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ይታያል» ሲል ዶክተር በለጠ ሰምተው ወጡ፤ የራሳቸውን ጥቁር የቆዳ ጫማ አንዱን አውልቀው ከአብዱ በረባሶ ኋላ አስቀመጡና፣ በአንድ እግር ካልሲ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ወዲያው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ መንገሻ ሽጉጡን ታጥቆ፣ ራስ ምታቱን ይዞ መጣ። ቀጥ ብሎ ሊገባ ሲል ዶክተሩ በር ላይ ያዙት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ቡት ጫማዎን እዚያ ያስቀምጡና ጥላ ሥር ይረፉ።»

«ከማን ኋላ?»

«ከዚያ ከጥቁሩ ጫማ ኋላ። የእስረኛው ተራ ነው።»

«እስረኛው ባዶ እግሩን አይደል እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው የኔን ያዋስኩት።»

«ይሄ ሰው የአብዮቱ ጠላት ነው።»

«ሊሆን ይችላል። እኔ የማየው ጣፊያውን ነው፤ ጣፊያው ደግሞ ከእርስዎ ጣፊያ አይለይም።»

ጓድ መንገሻ አሰበ፣ አሰበና፣ የግቢውን ሕግ ያውቅ ስለነበር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ይንኳኳ ነበር። ዶክተሩ መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ ጣል አድርገው «እንደ ጠዋት ውኃ ቀዝቅዟል» አሉ። አክስቴ ከጥላው ሥር «የኔ ይሻላል፤ እሱ ጥርሱን አልተጠቀመበትም» ስትል ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ጓድ መንገሻ ወጥቶ ሄደ፤ ሳቁም እሱ ከበር ሳይወጣ ጠፋ፣ ምክንያቱም በማን ላይ እንደሳቅን ትዝ አለን።

ማታውን ጡሩምባ ተነፋ። እሁድ ማንም የማይቀርበት ስብሰባ አለ፣ አጀንዳው ዶክተሩ ናቸው፣ ሕዝቡ እጁን አውጥቶ ያወግዛቸዋል። ከተወገዙ ቢቀላቸው ከአገራችን ይነሳሉ፣ ቢከፋባቸው እስረኛው ወደመጣበት ይሄዳሉ። እናቴ አብዱን ታቅፋ «ነገ ማን ነው የዚህን ልጅ ግንባር የሚዳስሰው?» እያለች ታለቅስ ነበር። አባቴ እጁን ቢያወጣ ከራሱ ሊጣላ፣ ባያወጣ ከጓድ መንገሻ ሊጣላ ሆነ። እሁድ ጠዋት ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ «ቢላዋ ቆረጠኝ» አለ።

«ግራህንስ?» አለችው እናቴ።

ግራውንም ጠቀለለው።

አዳራሹ ስንደርስ የከተማው ግማሽ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ተቀምጧል። አንዱ በር ቀረጠፈኝ ይላል፣ አንዱ አህያ ነከሰችኝ ይላል፤ ስብሰባው የቁስለኞች ይመስል ነበር። ዶክተሩ ከፊት ብቻቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ያንን ሁሉ ፋሻ ሲያዩ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ መሬት አቀረቀሩ።

ጓድ መንገሻ ተነስቶ «ጓዶች፣ ይህ ግለሰብ ጫማውን ለሕዝብ ጠላት...» ብሎ ጀመረና ቆመ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ጥርሱ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ የራሱን ጥፋት ራሱ ይናገራል። አክስቴ ወደ እናቴ ጠጋ ብላ «የዚያን ቀኑን እያሳየን ነው፤ ግለ ሂስ መሆኑ ነው፣ ጎበዝ ነው» አለችና አጨበጨበች። ካጠገባችን ያሉት አጨበጨቡ፣ አዳራሹ ተከተለ፣ በጨርቅ የተጠቀለለው እጅ ሁሉ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ሰውየው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጭብጨባው ይብሳል። ከጭብጨባው መሃል ዶክተር በለጠ ከተከሳሽ ወንበር ተነስተው፣ መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ አኑረው ወደ እኛ ዘወር አሉ።

«ይሄ የእውነቱ ነው» አሉ። «ያዙት፣ ይቀድማል።»

ያ ሁሉ ቁስለኛ እጅ ባንዴ ድኖ ተሻማበት። አባቴ በጭንቅላቱ በኩል ይዞ፣ ፋሻው መንገድ ላይ እየተተረተረ፣ ጤና ጣቢያው ድረስ ተሸክመው አደረሱት።

ያ አጀንዳ ሁለተኛ አልተነሳም፤ ዶክተሩም እኔ ስምንተኛ ክፍል እስክጨርስ አልተነሱብንም። እስረኛው ግን ያን ቀን ታክሞ ከሄደ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም፤ ዶክተሩ ዘበኛ ባዩ ቁጥር ሲጠይቁ እሰማ ነበር፣ የሚመልስላቸው አልነበረም። ጓድ መንገሻ ከዳነ በኋላ ሲመጣ በር ላይ ቆም ብሎ የተደረደረውን በረባሶ አየና፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ቡት ጫማውን አውልቆ መጨረሻ ላይ አስቀመጠ። አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ወጥቶ ያየን ነበር። ከአክስቴ በቀር የሳቀ የለም።

ባለፈው ለጉልበቴ አንድ ትልቅ ክሊኒክ ሄጄ፣ ማሽን የሰጠኝን ቁጥር ይዤ፣ ቀዝቃዛ አየር እየነፈሰብኝ ተቀምጬ ሳለ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ሁላችንንም አልፎ ገባ። ማንም ቀና ብሎ አላየም። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አንድ ጫማዬን አውልቄ በሩ ፊት ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ዘበኛው ልጅ መጥቶ «እትዬ፣ ቁጥር አለዎት አይደል? ደግሞ ሽታው...» አለና፣ ከፋኝ እንዳልል በፈገግታ፣ ጫማዬን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

ልጁ ጨዋ ነው። ብቻ ያኔ የሰው ጫማ በእግር አይነካም ነበር። ጓድ መንገሻ እንኳ ያን ቀን ቡቱን ሲያስቀምጥ፣ ከፊቱ ያለችው በረባሶ ከመስመር ወጣ ብላ ነበር፤ በእጁ ነው መልሶ ያስተካከላት።